የሹም በቅሎ ችካል

ተረት ተረት።
የላም በረት።

ድሮ ድሮ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጉና ተራራ በሚወጣው ሸንተረር ላይ፣ እንስሳት መክረው ዘክረው አንድ ጽሕፈት ቤት አቆሙ። ቤቱ ከአንድ አሮጌ ጽድ ሥር ነበር። ግድግዳው በጭቃ ተመርጓል፣ ክዳኑ ሣር ነው፣ መቃኑ ከወይራ ተጠርቧል፤ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ ይከፈታል። ሥራው ብዙ አልነበረም። የግጦሽ ተራ ያወጣል፣ የምንጭ ወረፋ ያስይዛል፣ የጎሬና የቆጥ ይዞታ ወረቀት ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል።

ሠራተኛው ሁሉ እንደየአፈጣጠሩ ይመጣ ነበር። ሚዳቋ ጤዛው ሳይረግፍ ትደርሳለች። ጭልፊት ከጉና አናት ክንፉን ዘርግቶ አንዴ ይወረወራል፣ መጣ። ፍልፈል ከቤቱ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ የቆፈረው መንገድ ስላለው ዝናብም አይነካው። ተላላኪው ሺ እግር ማንንም ሳያስቸግር ጥግ ጥጉን ይሄዳል። የእመት ኤሊ ቤት ግን ታች ጉማራ ወንዝ ዳር ነበር። የሰኞን ሥራ ለመግባት ሐሙስ ጠዋት ትነሣለች። ሰኞን ሠርታ ማክሰኞ ትመለሳለች፤ መመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ ይፈጥናል፣ ረቡዕ ማታ ቤቷ ናት። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ትነሣለች። በሳምንት አንድ ቀን ትሥራ እንጂ አርፍዳ አታውቅም።

የመጀመሪያው ሹም አንድ ሽማግሌ አውራ በግ ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ ከነብር መንጋጋ ሲያመልጡ የኋላ እግራቸው ተሰብሮ ሲያነክሱ ኖረዋል። ዳገቱ ሲከብዳቸው ያየ ሁሉ አዘነ። አገሬው እፍኝ እፍኝ ገብስ አዋጣና አንዲት ቦራ በቅሎ አቀረበላቸው። ብዙ እንዳይራመዱም ከመቃኑ ሦስት እርምጃ ላይ የወይራ ችካል ተተከለ። ከጀርባው እሾህ እየነቀለ የሚጽፈው ጸሐፊው ጃርት መዝገቡን ገለጠ። ቦራዋ የአገር ልጅ ናት፤ ስሟ በነዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ጃርት ጥቂት አሰበና ስሟን ከዚያ ሰርዞ «ንብረት» ከሚለው ሥር ጻፈው። ለጊዜው ማንም ልብ አላለም። ቦራዋም ማንበብ አትችልም ነበር።

አውራው በግ አርጅተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ፍየል ተሾሙ። ፍየል ማለት ጉና ገደል ላይ የተወለዱ፣ አራት እግራቸው በአንዲት ጠጠር ላይ የሚቆም ናቸው። በተሾሙ ማግስት ከገደሉ እየዘለሉ ወርደው በሩ ላይ ሲደርሱ አያ ጅቦ ልጓም ይዞ ቆሟል። አያ ጅቦ የማሰሪያው ዘበኛ ነው፤ በቅሎን እንደሱ የሚወድ የለም ተብሎ ነው የተቀጠረው።

«ጌታዬ፣ በቅሎዎ» አላቸው።

«ምን ታደርግልኛለች? እግሬ ደህና ነው።»

«እኔ እግርዎን አላየሁም ጌታዬ። ያየሁት ሹመትዎን ነው።»

ፍየል አሰብ አደረጉ። ሲወጡ ወደቁ፤ ዳግመኛ ሲወጡ ወደቁ፤ በሦስተኛው ጸኑ። ወር ሳይሞላ በእግሩ የሚሄድ ፍየል ሲያዩ «ምስኪን» ማለት ጀመሩ።

ምክትላቸው ሚዳቋ ነበረች። በሸንተረሩ ላይ በሩጫ የሚቀድማት ፍጥረት የለም። እሷም ሁለተኛ በቅሎ፣ ሁለተኛ ችካል አገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሯ ትደርስበት ከነበረው ሰዓት እጅግ ዘግይታ ትደርስ ገባች። ነገር ግን ድሮ «ሚዳቋ ደረሰች» ይባል ነበር፤ አሁን «ሚዳቋ ደረሱ» ይባላል። ይህ በሠራተኛው ዘንድ ታየ።

ጭልፊት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሲሆን ሦስተኛዋን በቅሎ ወሰደ። ክንፉን አጥፎ፣ ጥፍሩን ኮርቻው ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀመጣል። መንገድ ላይ ነፋስ ሲነሣ ክንፉ ሳያስበው ሊዘረጋ ይቃጣዋል፤ ቶሎ ይሰበስበዋል። ፍልፈል የመሬት ክፍል ኃላፊ ሲሆን አራተኛዋን ወሰደ። ፍልፈል ፀሐይ አይችልምና ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጋልበው። ቀበሮ አምስተኛዋን ወሰደ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ እንዲሁ ወሰደ፤ መቁጠሩ ይሰለቻል።

ችካሎቹ ከመቃኑ ጀምረው በማዕረግ ተራ ተተከሉ። አንድ ሠራተኛ ከሌላው ሲገናኝ «ደህና አደርክ?» ካለ በኋላ «ችካልህ ስንተኛ ላይ ነው?» ይለዋል። የልጃገረድ አባት አማቹን ይህንኑ ይጠይቃል። ቀበሮ አንድ ቀን ጠዋት ሲመጣ ችካሉ በሁለት ስንዝር ወደ ኋላ ሸሽቶ አገኘው። ፍልፈል ሌሊት ከመሬት በታች ገብቶ ገፍቶታል ብሎ ከሰሰ። ፍልፈልም ሲምል «ፀሐይ አትየኝ» አለ። ክርክሩ ሰባት ወር ፈጀ። ፍርዱም ችካል የሚለካ ሹም ይሾም ሆነ። ዝንጀሮ ተሾመ። ችካል እየዞረ የሚለካ ሹም በእግሩ ሊዞር አይችልምና በቅሎ ተሰጠው፤ በቅሎዋም ችካል ያስፈልጋታልና ተተከለላት።

ጉና ገብስ አይነሳም። ለበቅሎዎቹ በየወሩ የገብስ ወረቀት ይታደላል፤ ማኅተም ያለበት፣ በቁና የሚቆጠር። ሹሙ ቢጋልብም ባይጋልብም ወረቀቱ ይቆረጥለታል። የጽሕፈት ቤቱ በቅሎ ከሌላው እንድትለይ ጆሮዋ ላይ ጥቁር ጨርቅ ትታሰራለች። በገበያ ቀን ድንች ተጭና፣ በጥር ወር ሙሽራ አፈናጣ ብትታይ ያየ ሁሉ ጥቁሩን ጨርቅ ያያል፤ አይቶም ዓይኑን ወደ ጉና ያነሣል፤ ጉና መቼም ውብ ተራራ ነው። ከበቅሎዎቹም አልፎ አልፎ አንዷ ትጎድል ነበር። አያ ጅቦ በመዝገቡ ላይ «በሥራ ላይ» ብሎ ያስጽፋል። የጎደለችው አትመለስም፤ ሥራው ግን ቀጥሏል ማለት ነው።

ቦታው ጠበበ።

መጀመሪያ የድንቹ መደብ ተወሰደ፤ ሠራተኛው ምሳውን ቀቅሎ የሚበላው ከዚያ ነበር። ቀጥሎ ባለጉዳይ ፀሐይ የሚሞቅበት ድንጋይ ተነሣ። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞሩ። ያ ሜዳ የልጆች ነበር። አገሩ እንደሚያውቀው ደብረ ታቦር ስሙን ከበዓሉ ጋር የተካፈለ ከተማ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ግልገልና ጫጩት፣ ቡችላና ውርንጭላ እዚያ ሜዳ ላይ ጅራፍ ያጮኻሉ። ሜዳው ችካል ከሆነ በኋላ በመጀመሪያው ቡሄ አንድ ግልገል ጅራፉን ቢያጮኸው በቅሎዎቹ ሁሉ ገመድ በጥሰው እስከ ጋሳይ ሸሹ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ይህኛው ግን በልጆቹ ላይ ነው ያጠረው። ከዚያ ወዲህ ጅራፍ በዝምታ እንዲወናጨፍ ታዘዘ። ልጆቹም ታዘዙ።

በዚህ መካከል እመት ዶሮ ከላይ ጋይንት መጣች።

ሸለመጥማጥ «ቆጡ የአያቴ ነው» ብሎ ከሷት፣ የቆጥ ይዞታ ወረቀት ፈልጋ ነው። ብዙ ቀን በእግሯ ተጉዛለች። ማመልከቻዋን አጥፋ በአፏ ይዛለች። ጽዱን ከሩቅ አየችው፤ ከጽዱ በፊት ግን በቅሎ ነው ያለው፤ ከበቅሎው በስተኋላም በቅሎ። መንገዱ የት እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ብትከፍት ወረቀቱ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዝም ብላ ገባች። ከአንዷ ሆድ ሥር ወጥታ ከሌላዋ ሆድ ሥር ትገባለች። ኮቴ ሲነሣ ትቆማለች፣ ኮቴ ሲያርፍ ትሮጣለች። አንዲት ዳማ በቅሎ ዝንብ ስታባርር በጭራዋ ጠርጋ ወደ መጣችበት መለሰቻት። እንደገና ጀመረች። ዘጠኝ ላባ አጥታ መቃኑ ሥር ደረሰች፤ ወረቀቱን ግን አልጣለችም።

«የሚፈርሙት አሉ?» አለች።

«የሉም» አላት ጃርት።

«የት ሄደው ነው?»

«በቅሎ ሊያስሩ።»

ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከጽዱ ወዲያ ስታልፍ እንደገና ጠየቀች።

«አሁንስ ጌታዬ?»

«አሁን ደግሞ በቅሎ ሊፈቱ ሄደዋል።»

ዶሮ በማግስቱ መጣች። ከማግስቱም ማግስት መጣች።

ቦራዋ በቅሎ በመስኮቱ ሥር ታስራ ብዙ ዘመን ቆይታለች። ከውስጥ የሚነበበውን ደብዳቤ ሁሉ ስትሰማ ኖራ ደንቡን በቃሏ አጠናች። የጉዞ ክፍል ኃላፊ ቦታ ሲወጣ ተወዳድራ ከሁሉ በለጠች። ፍየልም «ዕውቀት ያከብራል» ብለው ሾሟት። በማግስቱ በእግሯ ስትመጣ አያ ጅቦ ከፊቷ ቆመ።

«ኃላፊ በእግሯ አትገባም፣ እሜቴ።»

«እኔ እኮ በቅሎ ነኝ።»

«እሱን እናውቃለን። በቅሎዎ የት አለች?»

ቦራዋ አንገቷን ደፋች። ኋላ አንዲት ወጣት በቅሎ አመጡላትና በአራት ጎረምሳ ታግዛ ወጣች። የታችኛዋ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ደጁን ስታልፍ፣ ግልገሎች «የተሸከምሻት ማን ናት?» ብለው ጠየቋት። «አክስቴ ናት» አለች። የላይኛዋን «የተቀመጥሽባት ማን ናት?» ብለው ጠየቋት። «የመሥሪያ ቤት ንብረት ናት» አለች።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የምንጩ ውኃ ቀለሙን ለወጠ። ፍጉ ከሜዳው ወደ ምንጩ ወርዷል። የጠጡት ግልገሎች ሆዳቸውን ታመሙ። ስብሰባ ተጠራ። «ንጹሕ ጉዞ» የሚባል ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ዘጠኝ አባላት ያሉት። ዘጠኙም በቅሎ ተሰጣቸው፤ ዘጠኙም በቅሎዎች ምንጩ ዳር ታሰሩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረማ።

ኮሚቴው ከፎገራ ሜዳ ሽመላን አስጠራ። ሽመላ በዓመት አንዴ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ፣ አገር ያየ ወፍ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ያየውንና ከባልንጀሮቹ የሰማውን ተናገረ።

«አዲስ አበባ ላይ» አለ፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት ይሰለፍና መታወቂያውን አሳይቶ፣ ሳንቲም ሳይከፍል የሚሳፈርበት አውቶቡስ አለ። ፐብሊክ ሰርቪስ ይሉታል። አንዱ አውቶቡስ የስንት በቅሎ ጭነት ይይዛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ‹መንገድ ለሰው› ብለው አንዳንድ እሑድ አውራ ጎዳናውን ለመኪና ዘግተው ሲራመዱ ከላይ አይቻለሁ። በእንግሊዝ አገርም ኖቲንግሃም የሚሏት ከተማ አለች። በ2004 ዓ.ም. አንድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ ለሠራተኞቹ ከ10 በላይ የመኪና ማቆሚያ ያለው መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዷ ቦታ በየዓመቱ ይከፍላል። በገንዘቡ የከተማ ባቡር አስፋፉበት።»

ኮሚቴው ተደሰተ። ሦስቱም ምክር በአንድ ቀን ጸደቀ።

ከጋሪው ጀመሩ። ሁለት የፎገራ በሬዎች ተጠመዱ፣ ረጅም ጋሪ ተሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ከየመንደሩ እየለቀመ ያመጣ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ እንስሳ ጭኖ በሰዓቱ ደረሰ። እልል ተባለ። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያበቃ በሬዎቹ «የት እንቁም?» ብለው ጠየቁ። ዝንጀሮ ለካ፣ ደጋግሞ ለካ። ለጋሪው የሚሆን አንድ ስንዝር አልተገኘም። «እንግዲያው አትቁሙ፣ ዙሩ» አላቸው። በሬዎቹ ጽሕፈት ቤቱን ሲዞሩ ዋሉ። አመሻሽ ላይ ሠራተኛው ወጥቶ ሊሳፈር ሲል ሁለቱም ተኝተዋል። በዚያ ምሽት ሠላሳው እንስሳ በሬዎቹን ጋሪው ላይ ጫነና እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። በወሩ መጨረሻ የወጣው ሪፖርት «ሠራተኛውና ጋሪው አብረው በመጓዝ ላይ ናቸው» ይላል፤ ሐሰት የለበትም።

ቀጥሎ የችካል ግብር መጣ። ለአንድ ችካል በወር አንድ ቁና ገብስ። ጭልፊት ሒሳቡን ሠራ፤ በቅሎዋ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ከሆነች ግብሯን የሚከፍለው ጽሕፈት ቤቱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ለግምጃ ቤቱ ከፈለ። በማውጣትና በማግባት መካከል ግን ገብሱ ጎደለ፤ አይጥ ይሁን ሌላ አልተጣራም። ጉድለቱን ማን ይሙላ ሲባል ሚዳቋ «መንገዱን የሚጠቀምበት እግረኛው ነው» አሉ። እውነት ነው ተባለ። ግብሩ በእግር ቁጥር ተደለደለ። ባለ ሁለት እግሩ ሁለት እፍኝ፣ ባለ አራቱ አራት እፍኝ። ሺ እግር ድርሻው ሲነገረው አልተናገረም። የደብዳቤ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የሚያደርስ የለም።

የእግር ጉዞው ጉዳይ ጥናት ይፈልግ ነበር። መራመድ እንዴት እንደሆነ ልምድ የሚቀስም ቡድን በወረታ በኩል ወደ ጣና ዳር እንዲወርድ ተወሰነ። ከወረታ እስከ ወልድያ የሚሄደውን፣ ቻይኖች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ ይዘው ቁልቁል ናቸው። ጃርት ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ ቀና አለና «የሚያጠኑት መራመድን ከሆነ እየተራመዱ ቢሄዱስ?» አለ። ጭልፊት አበል የሚሠራበትን ቅጽ አሳየው። አበል የሚታሰበው በበቅሎ ቀን ነው፤ በእግር ለሚሄድ የተሰመረ መስመር የለም። ቡድኑ በአሥራ አራት በቅሎ ሄዶ በወሩ ተመለሰ። ያመጣው ጥናት አንድ ገጽ ነው። «መራመድ የሚቻል ሆኖ አግኝተነዋል» ይላል።

ስለዚህ የመራመድ ቀን ተቆረጠ። ፍየል ነጭ ነጠላ አጣፍተው ከፊት ሆነው ተራመዱ። በቅሎዋቸው ግላስ ለብሳ፣ ኮርቻ ተጭና ከኋላ ትከተላለች፤ የምናልባት ነው። የሚዳቋም፣ የጭልፊትም፣ የቀበሮም እንዲሁ። በየበቅሎው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሳቢ ያዘ። ለተራማጆቹ ውኃ የሚጭኑ ሌሎች በቅሎዎች ከጎረቤት መንደር በውሰት መጡ። በዚያ ቀን መንገዱ ላይ የወጣውን ያህል በቅሎ አገሩ አይቶ አያውቅም።

ቀኑ ሰኞ ነበርና እመት ኤሊም ጽሕፈት ቤቱ ነበረች። ሰልፉ ሲያርፍ ቃል እንድትሰጥ ጠየቋት፤ በእግሯ የምትመጣ እሷ ብቻ ቀርታለችና።

«ጌቶቼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ። እናቴ ግን ያየችውን ስትነግረኝ ሰምቻለሁ። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የሚሉትን መድፍ አሠርተው ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነው። በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። የጂዳን ገደል ወርደው፣ ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ታዲያ እናቴ ቁጥቋጦ ሥር ሆና ስታይ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከበቅሏቸው ወርደው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።»

ዝም ተባለ። ነፋስ በጽዱ ውስጥ አለፈ። ፍየል ጢማቸውን እያሻሹ ለረጅም ጊዜ አሰቡ።

«በቅሏቸውስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን ጊዜ የት ታስራ ነበር?»

«እሱን እናቴ አልነገረችኝም።»

አጣሪ ተላከ። ጋፋት ሄደው ሦስት ቀን ቆፈሩ፤ ፍልፈል ነው የመራው። ችካል አልተገኘም። ተመልሰውም «የንጉሡ በቅሎ ችካል አለመገኘቱ ለታሪካችን ጉድለት ነው» አሉ። ጉድለቱን ለመሙላት ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ፣ ከመቃኑ አንድ እርምጃ ላይ፣ ከጥርብ ድንጋይ አዲስ ችካል ተተከለ። ቅርስ ስለሆነ ማንም እንዳይጠቀምበት ታጠረ። ፍየል ብቻ ቅርሱን ለመንከባከብ በቅሏቸውን ያስሩበታል።

ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆቹ ጅራፋቸውን በዝምታ በሚያወናጭፉበት በቡሄ ዕለት፣ የዓመቱ ምርጥ እግረኛ ተሸለመ። ማን ሊሆን፣ እመት ኤሊ ናት። መጋረጃው ሲገለጥ ሽልማቱ ታየ፤ አንዲት ገና ያልተገራች በቅሎ፣ ጆሮዋ ላይ አዲስ ጥቁር ጨርቅ የታሰረላት።

«ምን ላድርጋት?» አለች ኤሊ።

«ይቀመጡባታል እሜቴ።»

አንሥተው ኮርቻው ላይ አኖሯት። ኤሊ ራሷንና እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ድንጋይ መሰለች። በቅሎዋ አንድ እርምጃ ስትራመድ ተንሸራታ ወደቀች፤ መልሰው አወጧት፤ ወደቀች፤ በገመድ አሰሯት። ተጨበጨበ።

የኤሊ በቅሎ እንድትመዘገብ ችካል የላትም። ችካል እንዲተከል ቦታ የለም። ዝንጀሮ ሜዳውን ለካ፣ ምንጩን ለካ፣ መንገዱን ለካ። ከዚያ ቆመና ቤቱን አየው።

«ይህ ቤት» አለ፣ «ስድስት ችካል ቦታ ይዟል።»

ሹሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እስከዛሬ እንዴት ሳናየው ቀረን ተባባሉ። በማግስቱ ክዳኑ ወረደ፤ ሣሩን በቅሎዎቹ በሉት። ግድግዳው ፈረሰ። መዝገቡና ማኅተሙ በአንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ ተጫነ፣ ጃርትም እሷን እየተከተለ ይጽፍ ጀመር። መቃኑን ሊነቅሉ ሲሉ ቀበሮ ጮኸ።

«ቆዩ! እሱ ከሄደ የማን ችካል ለምን ቅርብ ሊባል ነው?»

ይህ ሁሉንም አስደነገጠ። መቃኑ ባለበት ቀረ። ዙሪያውን በቅሎ ሞላው።

ኤሊ ያን ማክሰኞ ገመዷን አስፈትታ በእግሯ ቁልቁል ወረደች። ሐሙስ ጠዋት ተነሣች። ሰኞ ስትደርስ በቅሎዋ የለችም፤ ችካሏ ብቻ ቆሟል። አያ ጅቦ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ መዝገቡን አሳያት። «በሥራ ላይ» ይላል።

እመት ዶሮ በበኩሏ ከጋይንት ተመለሰች። ስትመጣ ጽዱን አየች፣ መቃኑን አየች፤ ቤቱን አላየችም። እንደ ልማዷ ወረቀቱን በአፏ ይዛ ከኮቴ ወደ ኮቴ እየዘለለች መቃኑ ሥር ደረሰች። ግድግዳ የለም፤ በጎን በኩል ማለፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ያልተጠራችበት ቤት ዘው ብላ የምትገባ ዶሮ አይደለችም። ወረቀቱን መሬት አስቀመጠችና ወይራውን በአፏ ሦስት ጊዜ ቆረቆረችው።

ከመቃኑ ወዲያ የነበረችው በቅሎ ቀና ብላ አየቻት፣ ጎንበስ አለች፣ ማመልከቻውን በላችው።

እስከዛሬ ያልተፈረመው ያ ወረቀት ነው። ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ። ቡሄ ከደረሰም ሙልሙል ይሁንልኝ፤ ባይሆን በሩ ላይ እንዳትተዉት፣ በቅሎ ይበላዋል።